አንቲቫይረስ ልግዛ ወይስ የዊንዶውሱ ይበቃኛል? ፋየርዎልስ ለብቻው ያስፈልጋል?

የአዳማዋ
ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ላፕቶፕ አለን። ኮር አይ 5፣ ስድስተኛ ጀነሬሽን፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10 ነው። ሁለተኛ እጅ ነው የገዛነው። እኔ የሥራ ሰነድ እሠራበታለሁ፣ ባለቤቴ የባንክ ሂሳቡን ያይበታል፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚላከውን ያወርዱበታል። ስንገዛው ሱቁ ውስጥ አንቲቫይረስና ሌላ ለብቻው የሆነ ፋየርዎል ጭነውልን ነበር። "በገንዘብ የሚሸጥ ነው፣ እኛ ግን በነፃ ጫንንላችሁ" ነው ያሉን። አሁን አንቲቫይረሱ ቀይ ምልክት እያወጣ ጊዜዬ አልፏል ይለኛል። ፋየርዎሉ ደግሞ የሆነ ፕሮግራም በከፈትኩ ቁጥር ልፍቀድ ወይስ ልከልክል ብሎ ይጠይቃል። ምን እንደሚጠይቀኝ ስለማይገባኝ ሁሉንም ፍቀድ እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ፍላሹን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ የቤት ሥራውን ፕሪንት አስደርጎ መጣ። ላፕቶፑ ላይ ስሰካው ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። አንቲቫይረሱ ምንም አላለም።

ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው የአንድ ዓመት ቁልፍ በ1,500 ብር እሸጥልሻለሁ ብሎኛል። ልግዛ? የትኛውን? ለፋየርዎሉስ ሌላ ልፈልግለት?

ጠጋኙ
እህቴ፣ ብሩን ያዢው። እስካሁን ምንም አትግዢ።

ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ቫይረስ በላው ተብሎ የሚመጣልኝ አብዛኛው ኮምፒውተር አንቲቫይረስ አጥቶ አይደለም። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ፣ አንቲቫይረስ ተጭኖበት ነው። ሱቁ "በነፃ ጫንንላችሁ" ያለው እሱን ይመስለኛል። ክራክ ሲጫን መጀመሪያ የሚባለው ምንድን ነው? "አንቲቫይረሱን አጥፋው፣ ካላጠፋኸው አይሠራም።" እስቲ አስቢው። በሩን የሚጠብቀውን ዘበኛ አሰናብተሽ የማታውቂውን ሰው ወደ ቤት አስገባሽ ማለት ነው። ክራኩ ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ የሠራው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ አፕዴትም አያደርግም። አፕዴት የማያደርግ አንቲቫይረስ የአምናውን ሌባ ፎቶ ይዞ የዛሬውን ይፈልጋል።

ዊንዶውስ 10 ውስጥ ዲፌንደር የሚባል አንቲቫይረስ አብሮ አለ። ክፍያ የለውም። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ራሱን ወደ ጎን ያደርጋል፣ ምክንያቱም ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ጊዜ አንድን ፋይል ልመርምር ሲሉ ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ያ ቀይ ምልክት የሚያሳይሽ እስኪነሳ ድረስ ዲፌንደር ላይሠራ ይችላል።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ሁለቱንም ከኮንትሮል ፓናል አንሺያቸው። ብዙዎቹ አንቲቫይረሶች ርዝራዥ ይተዋሉ። ስለዚህ ከአምራቹ ድረ ገጽ ማጽጃውን አውርደሽ አስኪጂው፣ ሁሉም ትልልቆቹ የራሳቸው ማጽጃ አላቸው። ሪስታርት አድርጊና ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቺ። ምን እንደሚል ጻፊልን።

ሰሚት ሰፈር
ከጠጋኙ ጋር ክራኩ ላይ እስማማለሁ፣ ዲፌንደር ይበቃል የሚለው ላይ ግን ቆም እንበል። ማንም የማያነሳው ነገር አለ። እሱም ኢንተርኔት ነው።

ዲፌንደር ጎበዝ የሚሆነው ኔት ሲኖር ነው። ያላወቀው ፋይል ሲያጋጥመው ማይክሮሶፍት ክላውድ ላይ ይጠይቃል። ኦስትሪያ ኢንስብሩክ ያለው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ የሚባለው መርማሪ ድርጅት አንቲቫይረሶችን በኢንተርኔትና ያለ ኢንተርኔት ለየብቻ ይፈትናቸዋል። በኢንተርኔት ሲሆን ዲፌንደር ከላይኞቹ ጋር ነው። ያለ ኢንተርኔት ሲሆን ግን ቢትዲፌንደርን ከመሳሰሉ ሌሎች አንቲቫይረሶች በግልጽ ያንሳል፣ እነሱ ያለ ኔትም ብዙውን ይይዛሉ። ፈረንጅ አገር ይህ ልዩነት ብዙም አይታይም፣ ኮምፒውተሩ ሁሌም ኔት ላይ ነው። እኛ ጋ ግን ኮምፒውተሩን ከፍተን፣ ዳታ ዘግተን፣ ፍላሽ የምንሰካው ልክ በዚያችው ሰዓት ነው።

ስለዚህ የአዳማዋ፣ ቤትሽ ዋይፋይ ካለና ሁሌም ከተገናኘ ዲፌንደር ይበቃሻል። በሞባይል ጥቅል አልፎ አልፎ ብቻ የምታገናኚው ከሆነ ግን ሕጋዊ የሆነ ሌላ አንቲቫይረስ ቢኖርሽ ትርጉም አለው። እኔ ከፍዬ ነው የምጠቀመው። ቢሮዬ ውስጥ በቀን አሥር ፍላሽ ይሰካል።

ከቴሌግራም የሚሸጠውን ቁልፍ ግን አትግዢ። አንዱን ቁልፍ ለብዙ ሰው እየሸጡት አምራቹ ሲያውቅ ይዘጋዋል፣ ብርሽንም የሚመልስልሽ የለም።

ጠጋኙ
ሰሚት፣ ይህን በማንሳትህ አመሰግናለሁ፣ ልክ ነህ። እኔ ዋይፋይ አላት ብዬ ነው የጻፍኩት። አንድ ነገር ልጨምር። ዲፌንደርን ያለ ኔት ማሳደስም ይቻላል። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን አፕዴት ለብቻው እንደ አንድ ፋይል አድርጎ ድረ ገጹ ላይ ያስቀምጣል። ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። ኔት ያለበት ቦታ አውርደሽ በፍላሽ ወስደሽ ሁለቴ ክሊክ ታደርጊዋለሽ፣ አለቀ። ክፍለ ሀገር ላሉ ትምህርት ቤቶች ስሄድ እሱን ይዤ ነው የምሄደው።

ተመራቂዋ
እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ ምናልባት አንድ ሰው ይድንበታል።

የማስተርስ ጥናቴን ልጨርስ ሁለት ወር ሲቀረኝ ለዳታ ትንተና ሶፍትዌር አስፈለገኝ። ዋጋው ከአቅሜ በላይ ነበር። ክራክ ፈልጌ አወረድኩ። ዲፌንደር ጮኸ፣ አጠፋሁት፣ መመሪያው እንደዚያ ነበር የሚለው። ፕሮግራሙ አልተከፈተም። ሌላ ልሞክር ብዬ ተውኩት። ግማሽ ሰዓት አልሞላም ፎቶዎቼ መከፈት እምቢ አሉ። የፋይሎቹ ስም መጨረሻ ላይ የማላውቃቸው አራት ፊደላት ተጨምረዋል። እያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ አንድ የጽሑፍ ፋይል አለ። ፋይሎችሽን ቆልፈናል፣ መክፈቻው 980 ዶላር ነው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ካናገርሽን 490 ይላል።

ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው ራንሰምዌር ነው። የሚሰራጨው በዋናነት በክራክ ነው። ኤምሲሶፍት የሚባለው ድርጅት በ2019 በፈረንጆቹ ለብዙዎቹ የቆዩ ዓይነቶቹ ነፃ መክፈቻ አውጥቷል። ሞከርኩት። አልሆነም፣ ምክንያቱም ቫይረሱ ኔት ሲያገኝ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ቁልፍ ያመጣል። የእኔ ኮምፒውተር ኔት ላይ ነበር።

ምዕራፍ አንድ፣ ሁለትና ሦስትን ያዳነኝ ለአማካሪዬ በኢሜይል መላኬ ነው። ምዕራፍ አራትን እንደ አዲስ ጻፍኩት። መጠይቆቹ በወረቀት ስለነበሩ ዳታውን በእጄ ድጋሚ አስገባሁ፣ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የእናቴ ፎቶዎች ግን አሁንም እንደተቆለፉ ናቸው። አልሰረዝኳቸውም፣ አንድ ቀን መክፈቻ ይወጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የአዳማዋ፣ አንቲቫይረስ ከመምረጥሽ በፊት ፋይሎችሽን ሌላ ቦታ ገልብጪ። ከላፕቶፑ ጋር ሁሌም የማይሰካ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይሁን፤ ከተሰካ እሱንም ይቆልፈዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ኔትወርክ ሰው
ስለ ፋየርዎሉ ማንም ስላልመለሰላት እኔ ልሞክር።

ፋየርዎልና አንቲቫይረስ ሥራቸው የተለያየ ነው። አንቲቫይረስ ቤት ውስጥ የገባውን ዕቃ ይፈትሻል። ፋየርዎል በር ላይ ቆሞ ማን ይግባ ማን ይውጣ ይላል። የዊንዶውስ ፋየርዎል ከ2004 ዓ.ም በፈረንጆቹ፣ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 2 ጀምሮ፣ ማንም ሳይነካው በርቶ ነው የሚመጣው። ከውጭ ያልጠራሽው ሲመጣ ይከለክላል። አንቺ ከውስጥ የጠራሽውን ያሳልፋል። ለቤት ኮምፒውተር ይሄ በቂ ነው።

አንቺ ጋ የተጫነው ደግሞ እያንዳንዱን ነገር የሚጠይቅ ዓይነት ነው። ለሚያውቀው ሰው ጥሩ ነው። ሁሉንም ፍቀድ የሚል ሰው ጋ ግን ምንም አይጠብቅም፣ ሰውየውን ያሰለቻል እንጂ። አንሽው። የሚያሳፍር ነገርም የለውም፣ ስማቸው የማይታወቅ ፕሮግራሞችን ዝርዝር አይቶ መወሰን ለእኔም ከባድ ነው።

ይልቅ አንድ ነገር አረጋግጪ። ዋይፋይ ስታገናኚ ዊንዶውስ ኔትወርኩን ፐብሊክ ወይስ ፕራይቬት ብሎ ይመዘግበዋል። ካፌ፣ ሆቴል፣ ቢሮ ሁሌም ፐብሊክ ይሁን። ቤት ውስጥም ፕሪንተር ወይም ፋይል ካልተጋራሽ ፐብሊክ ብታደርጊው ምንም አይጎድልብሽም። ፐብሊክ ሲሆን ኮምፒውተርሽ ሌሎቹ አጠገቡ ላሉ ማሽኖች አይታይም።

ይሄ ለምን አስፈለገ? ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር ሲነሳ ማንም ምንም ሳይጫን ነው ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተዛመተው። የገባው ዊንዶውስ ፋይል በሚጋራበት በር፣ በፖርት 445 ነው። ወደ 150 አገር ደረሰ፣ ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ነካ። መድኃኒቱ ደግሞ ሁለት ወር ቀድሞ፣ መጋቢት ላይ፣ በዊንዶውስ አፕዴት ወጥቶ ነበር። የተጎዱት አፕዴቱን ያልጫኑት ናቸው።

እዚህ ላይ የእኛ ችግር አለ። ጥቅል ለመቆጠብ ብለን ኮኔክሽኑን ሚተርድ (ዳታው የሚቆጠርበት) እናደርገዋለን፣ ያኔ ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት አያወርድም። አንዳንዱ ሰው ጭራሽ አፕዴቱን በሰርቪስ ዘግቶታል። ይገባኛል፣ ዳታ ውድ ነው። ግን ቢያንስ በወር አንዴ፣ ማይክሮሶፍት ዋናውን አፕዴት የሚያወጣው በየፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ያልተገደበ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወስዳችሁ አፕዴት አድርጉት። ዳታ የሚበላባችሁን ፕሮግራም ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ግላስዋየር አለ፣ የትኛው ፕሮግራም ስንት ሜጋ እንደወሰደ በግራፍ ያሳያል።

የራውተሩን ፓስወርድም ቀይሪ። ከጀርባው ተለጥፎ የመጣውን ማለቴ ነው።

የአዳማዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዋይፋይ አለን፣ ያልተገደበ ነው፣ ስለዚህ በሰሚት ሰፈር ምክር መሠረት ዲፌንደር ይበቃኛል ማለት ነው። ሁለቱንም አንስቼ በማጽጃው አጸዳሁ። ሪስታርት አደረግኩ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ስከፍት ግን ዲፌንደር አይበራም። በቀይ "አንዳንድ ሴቲንጎች በድርጅትዎ የሚተዳደሩ ናቸው" ይላል። ምን ድርጅት? የቤት ላፕቶፕ ነው እኮ።

እንደገና ጉግል ላይ ያየሁትን ተከትዬ ኤክስክሉዥን የሚለውን ከፈትኩ። እዚያ ውስጥ ሲ ድራይቭ ሙሉው ተጽፏል። ይሄ ምን ማለት ነው?

ጠጋኙ
ኤክስክሉዥን ማለት "ይህን አትፈትሽ" ማለት ነው። ሲ ድራይቭ ሙሉው እዚያ ከተጻፈ፣ ዲፌንደር ቢበራ እንኳን ምንም አያይም። "በድርጅትዎ የሚተዳደር" የሚለውም አንድ ፕሮግራም ወይም አንድ ሰው ዲፌንደርን በፖሊሲ ዘግቶታል ማለት ነው። ክራክና አክቲቬተር (ያልተገዛ ዊንዶውስን የተገዛ የሚያስመስል ፕሮግራም) የሚጭኑ ሰዎች ሁለቱንም ያደርጋሉ። ቫይረሱም ራሱ ያደርጋል። ማን እንዳደረገው ከዚህ ሆኜ ልለይልሽ አልችልም። ባለቤትሽ ባንክ የሚገባበት ማሽን ላይ ደግሞ መገመት አልፈልግም።

ፎርማት አድርጊው። ሰነዱንና ፎቶውን ብቻ ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጪ፣ ፕሮግራም የሚባል ነገር አትገልብጪ። ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ፣ ንጹሕ በሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ 8 ጊጋ ባዶ ፍላሽ ላይ አዘጋጂ። ሲጨርስ ውጫዊውን ዲስክ ከመክፈትሽ በፊት በዲፌንደር ስካን አድርጊው።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ፣ በስልክሽ ሆነሽ፣ የኢሜይልና የባንክ ፓስወርዶችን ቀይሩ። በላፕቶፑ አትቀይሩ። ብሮውዘር ላይ ሴቭ ያደረጋችሁትን ፓስወርድ የሚሰርቁ ፕሮግራሞች አሉ፣ ከክራክ ጋር አብረው ነው የሚመጡት። ቴሌግራም ላይም ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ ግቡና ሌሎቹን ሴሽኖች (በሌላ መሣሪያ የተከፈቱትን) በሙሉ ዝጉ።

ከቨርጂኒያ
ጠጋኙ ያለው ላይ አንድ የምሥራች ልጨምር። ፎርማት ካደረግሽ በኋላ ዊንዶውሱን አክቲቬት ለማድረግ ክራክ ላያስፈልግሽ ይችላል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የሚሸጡ ላፕቶፖች ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ስድስተኛ ጀነሬሽን ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ትክክለኛውን ኤዲሽን (ሆም ወይም ፕሮ የሚባለውን ዓይነት) ከጫንሽ ኔት ሲያገኝ በራሱ አክቲቬት ያደርጋል። ብዙ ሱቆች ፕሮ ይጭናሉ፣ ላፕቶፑ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ግን ብዙ ጊዜ ሆም ነው፤ ያኔ ቁልፉ አይገጥምምና ክራክ ይጭኑበታል። አንቺ ሆም ጫኚ።

ሌላው፣ ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ያንቺ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11ን በሕጉ አይቀበልም፣ ከኢንቴል ስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ከጥቂቶች በስተቀር አይፈቅድም። ግን ለቤት ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት አለ፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም። 30 ዶላር ነው፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተሽ ሴቲንግሽን ባክአፕ ካደረግሽ ግን ያለ ክፍያ ይሰጥሻል። ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ስትከፍቺ ኢንሮል የሚል ታያለሽ። መጀመሪያ 22ኤች2 የሚባለው ቨርዥን ላይ መድረስ አለብሽ። የዲፌንደሩ የቫይረስ ዝርዝር አፕዴት ደግሞ እስከ ኦክቶበር 2028 በፈረንጆቹ ይቀጥላል። ግን ዲፌንደሩ ታድሶ ዊንዶውሱ ካልታደሰ ግማሽ ሥራ ነው።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ፣ ካስፐርስኪ የሚባለው አንቲቫይረስ እዚህ ከሴፕቴምበር 29, 2024 ጀምሮ አፕዴት እንዳይሰጥ በመንግሥት ተከልክሏል። ከአገር ቤት ይዛችሁ የመጣችሁት ላፕቶፕ ላይ ካለ ቀይሩት።

መምህሩ
ስለ ነፃዎቹ አንቲቫይረሶች አንድ ነገር ልበል። ነፃ ሲባል አንዳንዴ በሌላ ነገር ይከፈላል። አቫስት የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ ጃምፕሾት በሚባል ንዑስ ኩባንያው በኩል ይሸጥ ነበር። በ2024 በፈረንጆቹ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ጃምፕሾት ከዚያ በፊት በ2020 በፈረንጆቹ ተዘግቷል። ስለዚህ ነፃ ስትጭኑ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ዳታ ስለማጋራት የሚለውን አጥፉ።

ፍላሹን በተመለከተ፣ ልጅሽን አጽናኚው። ፋይሎቹ አልጠፉም። ቫይረሱ ደብቋቸው በቦታቸው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት አስቀምጧል። ለይተሽ ማወቂያው ቀላል ነው። አዶው ላይ ትንሽ ቀስት አለ፣ መጠኑም 1 ወይም 2 ኪሎባይት ነው። ፎልደር እኮ በኪሎባይት አይጻፍም። ሾርትከቱን እንዳትከፍቺው፣ ስትከፍቺው ነው ቫይረሱ የሚነሳው። ድሮ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ ይነሳ ነበር፣ ማይክሮሶፍት ያንን በፈረንጆቹ 2011 በአፕዴት ዘግቶታል፣ ለዚህ ነው አሁን እጃችንን የሚጠብቀው። ንጹሕ ማሽን ላይ ሰክተሽ ስካን አድርጊ፣ ከዚያ ፎልደር ኦፕሽን ውስጥ የተደበቁትንም የሲስተም ፋይሎችንም አሳይ በይ። ስም የሌለው የሚመስል ፎልደር ውስጥ ሁሉንም ታገኚዋለሽ። ሰነዶቹን አውጥተሽ ፍላሹን ፎርማት አድርጊ።

እኔ ተማሪዎቼን ፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ አትሂዱ እላቸዋለሁ። ፒዲኤፍ አድርገው በቴሌግራም ለሱቁ ይላኩለት፣ አሁን ሁሉም ሱቅ ይቀበላል።

የአዳማዋ
ተመልሻለሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ግን ሆነ።

ሆም ጫንኩ። ዋይፋይ ሳገናኘው ከደቂቃዎች በኋላ "ዊንዶውስ አክቲቬት ሆኗል" አለ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት። ይህን ሁሉ ጊዜ ቁልፉ ውስጡ ነበር ማለት ነው! ዲፌንደር አረንጓዴ ነው። ኤክስክሉዥን ባዶ ነው፣ ፋየርዎሉም በሦስቱም የኔትወርክ ዓይነቶች በርቷል። የዲፌንደርን ኦፍላይን ስካን የሚባለውንም አስደረግኩት፣ ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳና ሩብ ሰዓት ገደማ ፈተሸ። ውጫዊው ዲስክ ላይ ግን ሁለት ነገር ያዘ፣ ሁለቱም የድሮው ክራክ ያለበት ፎልደር ውስጥ። ፕሮግራም አትገልብጪ ተብዬ እሱን ከሰነዶቹ ጋር አብሬ ገልብጬው ኖሯል። አስወገድኩት። ለተጨማሪው የአንድ ዓመት አፕዴትም ተመዘገብኩ፣ ምንም አልከፈልኩም። የልጄም ፋይሎች ተገኙ፣ መምህሩ፣ ልክ እንዳሉት ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ነበሩ።

ላፕቶፑም ፈጥኗል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ልጆቹ ጌም ብለው የሆነ ነገር እንዳይጭኑብኝ ምን ላድርግ?

ጠጋኙ
እንኳን ደስ አለሽ። ለልጆቹ የራሳቸውን አካውንት ክፈቺላቸው፣ ዓይነቱ ስታንዳርድ ይሁን፣ አድሚኒስትሬተር አይሁን። አብዛኛውን ፕሮግራም ልጫን ሲሉ ያንቺን ፓስወርድ ይጠይቃቸዋል። ፓስወርዱን አትንገሪያቸው፣ መጥተው ያሳዩሽ። አንቺም በየቀኑ በስታንዳርድ ብትሠሪ ጥሩ ነው።

ከዚያ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን የሚል አለ። ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስን አብሪው፣ ሳይበራ ነው የሚመጣው። ዶክመንትና ፎቶ ፎልደሮችን የማይታወቅ ፕሮግራም እንዳይነካቸው ይከለክላል። አንዳንዴ ትክክለኛ ፕሮግራምም ይከለክላል፣ ያኔ ስሙን አንብበሽ ከዚያው ትፈቅጂለታለሽ።

ተመራቂዋ
የአዳማዋ፣ ባክአፑስ? ውጫዊው ዲስክ አሁንም ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ ነው?

የአዳማዋ
ነበር። አሁን ነቅዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁት።